ፕሮቲን ሲተጣጠፍ በሥዕል ማሳየት፦ ከየት ይጀመራል? ምኑስ አይነካም?

ጥያቄ፦ ሥዕል ተምሬ አሁን በግራፊክስ ሥራ እተዳደራለሁ። ፕሮቲን ሲተጣጠፍ የሚያሳዩ የኮምፒውተር ሲሙሌሽኖች አይቼ ልቤ ተነካ፤ ከእነሱ ተነስቼ ኤግዚቢሽን ማዘጋጀት እፈልጋለሁ። ስክሪን ላይ ብቻ እንዲቀር አልፈልግም፤ በሸራም በሽመናም ቢወጣ ደስ ይለኛል። ያለኝ ተራ ላፕቶፕ ነው፤ ፕሮግራሚንግ ጥቂት እሞክራለሁ። ከየት ልጀምር? ሳይንሱን ሳላዛባስ ምን ያህል ነፃነት አለኝ?

ምላሽ፦

ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልነሳ፤ እሱ ከተመለሰ የመጀመሪያው ይቀላል። ነፃነትዎ ሰፊ ነው። ቀለሙ፣ ብርሃኑ፣ መጠኑ፣ የሚሠሩበት ቁስ፣ የሚያዩበት አቅጣጫ ሁሉ የእርስዎ ነው። እኔ አይነካ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ጊዜው። መተጣጠፍ ቅርጽ አይደለም፤ በጊዜ ውስጥ የሚሆን ነገር ነው። «ፕሮቲን ሲተጣጠፍ» ተብለው ከሚዞሩት ቪዲዮዎች ብዙዎቹ ግን የተዘረጋው ሰንሰለትና የተጣጠፈው ቅርጽ ዳርና ዳር ተቀምጠው መካከሉን ኮምፒውተር የሞላው ነው። ሰንሰለቱ እንደ ሐር መቀነት እየተንሳፈፈ በቀጥታ ቦታው ላይ ይገባል። ያምራል፤ ነገር ግን ውስጡ ፊዚክስ የለም። ዝግ አድርገው ቢያዩት አንዳንዱ አቶም በሌላው ውስጥ ሰንጥቆ ሲያልፍ ያገኙታል። እውነተኛው ሰንሰለት ይባዝናል፣ ይሳሳታል፣ የተሳሳተውን ይፈታል፣ ረጅም ጊዜ የትም ሳይደርስ ይቆያል፣ ከዚያ በድንገት ይገጥማል። ሥዕል መሆን ያለበት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩ አዲስ ለሆነባቸው አንባቢዎች መሠረቱን በአጭሩ ላስቀምጥ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ የሚባሉ ቅንጣቶች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በተርታ ተያይዘው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። ዶቃዎቹ በዋናነት 20 ዓይነት ናቸው፤ ውሃ የሚወድ አለ፣ ውሃ የሚሸሽ አለ፣ የኤሌክትሪክ ሙል የተሸከመም አለ። አጥብቆ የተፈተለ ክር ሲለቁት ማንም ሳይነካው ራሱ ላይ እንደሚጠማዘዝ ሁሉ፣ ብዙ ፕሮቲኖችም ራሳቸው ላይ ተጣጥፈው የሥራ ቅርጻቸውን ይይዛሉ። ክርስቲያን አንፊንሰን ሪቦኑክሊዬዝ የሚባለውን ፕሮቲን በኬሚካል ፈትቶ፣ ኬሚካሉን ሲያስወግድለት ተመልሶ እንደሚተጣጠፍ አሳየ፤ በ1972 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ የሆነውም በዚህ ሥራው ነው። መንገዱን እንዴት እንደሚያገኘው ግን ሌላ እንቆቅልሽ ነበር። ሳይረስ ሌቪንታል በ1969 እንዳመለከተው፣ ሰንሰለቱ ሊይዝ የሚችለውን ቅርጽ ሁሉ አንድ በአንድ የሚሞክር ቢሆን ኖሮ የዩኒቨርስ ዕድሜ አይበቃውም ነበር። አንዳንድ ትንንሽ ፕሮቲኖች ግን በጥቂት ሚሊዮንኛ ሰከንዶች ውስጥ ይጨርሱታል።

ሲሙሌሽኑ የሚሠራው በትዕግሥት ነው። እያንዳንዱ አቶም ላይ የሚያርፈውን ኃይል ያሰላል፣ አቶሞቹን በጥቂቱ ያንቀሳቅሳል፣ እንደገና ያሰላል። አንዱ እርምጃ ብዙውን ጊዜ 2 ፌምቶ ሰከንድ ነው፤ አንድ ሰከንድ ለቢሊዮን ተካፍሎ፣ የደረሰው ደግሞ ለሚሊዮን ሲካፈል ፌምቶ ሰከንድ ይሆናል። በ1977 ማካመን፣ ጌሊንና ካርፕለስ ከከብት ቆሽት የሚገኝ ባለ 58 አሚኖ አሲድ ፕሮቲን በኮምፒውተር ሲያንቀሳቅሱ የቻሉት 9.2 ፒኮ ሰከንድ ነበር፤ ፒኮ ሰከንድ የሰከንድ ትሪሊዮንኛ ነው። በ2010 ዲ ኢ ሾው ሪሰርች የተባለ የአሜሪካ የምርምር ድርጅት ለዚሁ ሥራ ብሎ በሠራው አንቶን በተባለ ኮምፒውተር ያንኑ ፕሮቲን አንድ ሙሉ ሚሊ ሰከንድ አንቀሳቀሰው። ከመቶ ሚሊዮን እጥፍ በላይ ነው። በቀጣዩ ዓመት ያው ቡድን 12 ፈጣን ፕሮቲኖች ሲተጣጠፉና ሲፈቱ፣ ደግመው ሲተጣጠፉና ሲፈቱ የሚታዩበትን ሥራ አወጣ። ለእርስዎ ዓላማ ከዚያ የበለጠ ጥሬ ዕቃ አላውቅም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። አንድ ትንሽ ፕሮቲን ይምረጡና ከእሱ ጋር ይክረሙ። የኔ ምርጫ ትሪፕ ኬጅ የሚባለው ነው፤ ትሪፕቶፋን የሚባል ባለ ቀለበት አሚኖ አሲድ የታጎረበት እንደማለት ነው። አሚኖ አሲዶቹ 20 ብቻ ናቸው፤ አቶሞቹ ሃይድሮጂንን ጨምሮ 304። መነሻው በደቡብ ምዕራብ አሜሪካና በሰሜን ሜክሲኮ በረሃ የሚኖር ጊላ የሚባል መርዛማ እንሽላሊት ምራቅ ውስጥ የተገኘ ንጥረ ነገር ነው፤ ከዚያው ንጥረ ነገር የስኳር በሽታ መድኃኒትም ተገኝቷል። ተመራማሪዎች ያንን አሳጥረውና አስተካክለው በ2002 ይህን ትንሽ ፕሮቲን ሠሩ። ሲተጣጠፍ ስድስተኛው ዶቃ፣ ትሪፕቶፋን፣ ወደ መሐል ይገባል፤ ከጅራቱ በኩል ያሉት ፕሮሊን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች መጥተው ይከቡታል። ታሪኩ ይኸው ነው፤ አንድ ጠፍጣፋ ቀለበት ውሃ ሸሽቶ መጠለያ ሲያገኝ።

ይህ እስኪሆን በክፍል ሙቀት በአማካይ 4 ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ያህል ይወስዳል። በ2 ፌምቶ ሰከንድ እርምጃ ሲሰላ ሁለት ቢሊዮን እርምጃ ነው። እያንዳንዱን እርምጃ ለአንድ ሰከንድ ብናሳይ ፊልሙ 63 ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ መምረጥ የግድ ነው። በየ200 ፒኮ ሰከንዱ አንድ ፍሬም ቢቀመጥ 20,000 ፍሬም ይወጣል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲታይ 13 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። ከዚያ ውስጥ መጠለያው የሚገጥምበት ቅጽበት እጅግ አጭር ነው፤ የቀረው ጥበቃ ነው። ሥራውን የሚያሳይ ሁሉ መጀመሪያ የሚቆርጠው ያንን ጥበቃ ነው። እባክዎ እርስዎ አይቁረጡት። ከፈለጉ ያፍጥኑት፣ ያጠጋጉት፣ ግን መኖሩ ይታይ።

ዳታውን ከየት ያገኛሉ? የተጣጠፈው ቅርጽ ፕሮቲን ዳታ ባንክ ውስጥ 1ኤል2ዋይ በሚል መለያ ተቀምጧል። ባንኩ በ1971 ሲከፈት ሰባት ቅርጾች ብቻ ነበሩት፤ ዛሬ ከ200,000 በላይ ናቸው፤ ለማንኛውም ሥራ ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ ይወሰዳሉ። እዚህ ጋ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፋይሉን ሲከፍቱ 38 ቅርጾች ተደራርበው ያያሉ። እነሱን በተርታ አጫውቶ «እንቅስቃሴ» ማለት የተለመደ ስህተት ነው። 38ቱ ኤንኤምአር በሚባለው የማግኔት መለኪያ ዘዴ የተገኘውን መረጃ እኩል የሚያሟሉ አማራጭ ቅርጾች እንጂ የጊዜ ቅደም ተከተል አይደሉም።

መንገዱን ለማግኘት ሲሙሌሽን ያስፈልጋል። ኦፕንኤምኤም የሚባለው የሲሙሌሽን ፕሮግራም ነፃ ነው፤ የግራፊክስ ካርድ ባለው ላፕቶፕ ላይ፣ ውሃውን በቀመር በሚተካ ስሌት፣ ትሪፕ ኬጅን ማንቀሳቀስ ይቻላል። ካርድ ከሌለዎት ሙቀቱን ወደ 500 ኬልቪን ከፍ አድርገው በጥቂት ናኖ ሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ውስጥ ሲፈታ መመልከት ይችላሉ። መፈታቱን ገልብጠው «መተጣጠፍ» ብለው የሚያቀርቡ አሉ፤ እርስዎ «መፈታት» ብለው ያቅርቡት፤ እሱም ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። ጎ ሞዴል የሚባል ደግሞ አለ፤ በጃፓናዊው ኖቡሂሮ ጎ ስም የሚጠራ ሲሆን ተራ ላፕቶፕ ላይም ቶሎ ይተጣጠፋል። ቶሎ የሚሆንለት ግን የመጨረሻው ቅርጽ አስቀድሞ ስለሚነገረው ነው፤ ከተሳሳተ ክፍል ጋር እንዲጣበቅ የሚስበው ነገር የለም። ለልምምድ እሱን ይጠቀሙ። ለኤግዚቢሽኑ ግን ይህን ሥራ ከሚሠሩ ተመራማሪዎች እውነተኛውን ትራጀክተሪ፣ ማለትም አቶሞቹ በየፍሬሙ የነበሩበትን ቦታ የያዘውን ፋይል፣ ይጠይቁ። ከአንቶን የወጡት ትራጀክተሪዎች ለምርምር ለጠየቁ ተሰጥተዋል፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ አንድ ተባባሪ ካገኙ መንገዱ ይከፈታል።

የፕሮቲንን ቅርጽ ስለሚተነብየው ፕሮግራም፣ ስለ አልፋፎልድም መጠየቅዎ አይቀርም። በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመ ታላቅ ሥራ ነው፤ ይሁንና የሚሰጠው መድረሻውን እንጂ መንገዱን አይደለም። በተጨማሪ፣ ሠዓሊዎች በጣም የሚወዷቸው እነዚያ ዙሪያውን እንደ ፓስታ የተበተኑ ብርቱካናማ ክሮች የፕሮቲኑ ቅርጽ አይደሉም። ብርቱካናማ ቀለም ማለት ፕሮግራሙ ስለዚያ ቦታ ያለው እርግጠኝነት ከመቶ ከ50 በታች ነው ማለት ነው። እንደዚያው ተረድተው ቢስሉት ጥሩ ነው፤ ቅርጽ አድርገው ቢስሉት ግን የሌለ ነገር ሳሉ።

ትራጀክተሪው እጅዎ ሲገባ መጀመሪያ የሚያዩት ያስደነግጣል፤ ረጃጅም መስመሮች ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር ይሰነጥቁታል። ፋይልዎ አልተበላሸም። ሲሙሌሽኑ የሚካሄደው ግድግዳው ክፍት በሆነ ሣጥን ውስጥ ነው፤ በቀኝ የወጣ አቶም በግራ ይገባል፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ሁለቱን ዳር በአንድ መስመር ያገናኛል። ሞለኪውሉን መልሶ የሚገጥም ትእዛዝ ግሮማክስና ቪኤምዲ የሚባሉት ፕሮግራሞች አላቸው። ቀጥሎ እያንዳንዱን ፍሬም ከመጀመሪያው ጋር ያስተካክሉ፤ አለዚያ ሞለኪውሉ እየተሽከረከረና እየተንሳፈፈ ዓይን ያደክማል። ከዚያ ብሌንደር ወደሚባለው የ3ዲ ሥዕል ፕሮግራም ለማስገባት ሞለኪውላር ኖድስ የሚባለው ተጨማሪ ፕሮግራም አለ፤ ትራጀክተሪ በቀጥታ ያነባል። ብሌንደር ካወቁ የቀረው የእርስዎ ሙያ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቆም ይበሉ፤ እኔ የተሳሳትኩበት ነውና በደንብ ልንገርዎ። ጥሬው ትራጀክተሪ ይንቀጠቀጣል። በፍሬምና በፍሬም መካከል ያለፉት መቶ ሺህ እርምጃዎች ስለማይታዩ እያንዳንዱ አቶም ከቦታ ቦታ የሚዘል ይመስላል። የመጀመሪያ ቪዲዮዬን ስሠራ ይህን ለማለስለስ እያንዳንዱን ፍሬም ከጎረቤቶቹ 50 ፍሬሞች ጋር አማከልኩት። ውሃ ላይ እንደሚሄድ ዘይት ለሰለሰልኝ፤ ተደሰትኩ። ሥራው ለእይታ ቀርቦ ሳለ አንዲት የኬሚስትሪ መምህርት ስክሪኑ ፊት ረጅም ጊዜ ቆመው «ይህ ቀለበት ለምን ይኮማተራል?» ብለው ጠየቁኝ። ጠጋ ብዬ አየሁ። በትሪፕ ኬጅ ሦስተኛው ቦታ ላይ ያለው ታይሮሲን የሚባል አሚኖ አሲድ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀለበት እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ ቀጭን መስመር ይሆናል፤ ከዚያ ደግሞ ይከፈታል። ቀለበቱ በእነዚያ 50 ፍሬሞች ውስጥ ደጋግሞ ይገለበጣል፤ የፊቱና የኋላው ሲማከል መሐሉ ላይ ይጨፈለቃል። ለዓይን ደስ ይበል ብዬ በተፈጥሮ ሊኖር የማይችል ሞለኪውል ሠርቼ ነበር። አንድ ካርቦን ላይ ሦስት ሆነው የተያያዙት ሃይድሮጂኖችም እንደዚያው ነበሩ፤ ሦስቱ ተጣብቀው አንድ ነጥብ ሆነዋል።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው እንዲህ ነው። የማለስለሱን ሥራ ለካሜራው ብቻ እተወዋለሁ፤ ቢበዛ ለሰንሰለቱ ጀርባ ጥቂት ፍሬም። የምፈልገው ቅጽበት ካለ ያንን ክፍል ብቻ ደግሜ አስልቼ ፍሬሞቹን በየ1 ፒኮ ሰከንድ አስቀምጣለሁ። ለሸራ ሥራ ደግሞ ንቅጥቅጡን ከመደበቅ ይልቅ 200 ፍሬሞችን በስሱ እደራርባቸዋለሁ። የተጣጠፈው መሐል እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ጫፎቹ እንደ ዕጣን ጭስ ይበተናሉ። ያ ጭስ ጌጥ አይደለም፤ ሰንሰለቱ የቱ ጋ ልል፣ የቱ ጋ ጥብቅ እንደሆነ በትክክል ይናገራል። ዘይት ቀለም በስሱ መደራረብ የሚያውቅ ሰው ይህን ከማንም ኮምፒውተር የተሻለ ይሠራዋል።

ስለ ነፃነት ስንናገር፣ ዛሬ «ሳይንሳዊ ሥዕል» የምንለው ራሱ የሠዓሊ ውሳኔ ውጤት መሆኑን ይወቁ። ጆን ኬንድሩ በ1958 የማዮግሎቢንን (ጡንቻ ውስጥ ኦክስጅን የሚይዝ ፕሮቲን ነው) ቅርጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሳይ በፕላስቲሲን የተድቦለቦለ፣ ሥርዓት የለሽ አንጀት ነገር ነበር። ዝርዝሩ ከተገኘ በኋላ ኢርቪንግ ጋይስ በ1961 በእጁ ሣለው። ብርሃኑን ከውጭ ሳይሆን ከመሐል፣ ከብረቱ አቶም እንዲወጣ አደረገ። ማዮግሎቢን ከውስጡ አያበራም፤ ነገር ግን ኦክስጅን የሚያዝበት ቦታ የት እንደሆነ የሚያይ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ዱክ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ጄን ሪቻርድሰን ደግሞ ትምህርታቸው ፍልስፍና ነበር። በጊዜው የታወቁትን ፕሮቲኖች አንድ በአንድ በእርሳስ እየሣሉ የሰንሰለቱን ጥምዝ ክፍል እንደ ተጠቀለለ ጥብጣብ፣ ዝርጉን ክፍል እንደ ቀስት አድርገው በ1981 አሳተሙ። ዛሬ ፓይሞልም ሆነ ካይሜራ ኤክስ የሚባሉት የሞለኪውል ማሳያ ፕሮግራሞች በአንድ ቁልፍ የሚያወጡት ጥብጣብ የእሳቸው እጅ ነው። ፕሮቲን ውስጥ ጥብጣብ የለም። ሳይንቲስቱ ሁሉ የተቀበለው ግን ከዶቃዎቹ ክምር ይልቅ መንገዱን ስለሚያሳይ ነው። ለእኔ መለኪያው ይኸው ነው፤ የጨመሩት ነገር እውነት የሆነ አንድ ነገር ያሳያል? ካሳየ ይጨምሩት።

ቀለምንም በዚሁ ይመዝኑት። የሚታይ ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር ነው፤ ትሪፕ ኬጅ 2 ናኖ ሜትር አካባቢ። አንድ አቶም የምናውቀው ዓይነት ቀለም የለውም። ኦክስጅን ቀይ፣ ናይትሮጂን ሰማያዊ፣ ካርቦን ግራጫ የሚሆነው ስምምነት ስለሆነ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ቅዱሳን ሙሉ ፊታቸውን ከሁለት ዓይናቸው ጋር፣ ክፉዎቹ ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሣሉት። ስምምነቱን መጣስ ይችላሉ፤ የእርስዎን ስምምነት ግን ከኤግዚቢሽኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጠብቁት። ጁሊያን ፎስ አንድሬኤ የተባለው ቀራጺ ቀለም ጨርሶ አልቀባም፤ በ2005 በአሜሪካ ኦሪገን ያቆመው የሂሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያጓጉዘው ፕሮቲን) ቅርጽ ከብረት ነው፤ ዝናብና አየር ሲነካው እያደር ዛገ። ሂሞግሎቢን ውስጥ ያለው ብረት ኦክስጅን ይይዛል፤ የውጭው ብረትም ኦክስጅን ይዞ ቀላ። ቁሱ ራሱ ይናገራል የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ብዙ ሰው የማይነካው፣ እኔ ግን እርስዎ ቢሞክሩት የምመኘው ውሃውን ነው። ሙሉ ሲሙሌሽን ውስጥ ትሪፕ ኬጅን ሁለት ሦስት ሺህ የውሃ ሞለኪውሎች ይከቡታል። ሥዕል ሲሠራ ሁሉም ይጣላሉ፤ ስለሚጋርዱ። ነገር ግን ለመተጣጠፉ ዋና ምክንያቱ ውሃው ነው፤ ትሪፕቶፋን የሚሸሸው እሱን ነው። ፕሮቲኑን ትተው ውሃውን ብቻ ቢስሉትስ? ለምሳሌ ከሰንሰለቱ ግማሽ ናኖ ሜትር ርቀት ውስጥ ያሉትን ብቻ። ፕሮቲኑ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል። መጀመሪያ ባዶው ረጅምና ቀጭን፣ ዙሪያው በነጠብጣብ የተሞላ ነው፤ ኋላ ይሰበሰባል፣ በቀለበቱና በፕሮሊኖቹ መካከል የነበሩት ነጠብጣቦችም አንድ በአንድ ይወጣሉ። በከሰል ብቻ የሚሠራ ነው።

በመጨረሻ ስለ ሽመናው። እዚህ ላይ ዳታው ራሱ የሽመና መልክ አለው። ዲኤስኤስፒ የሚባል ከ1983 ጀምሮ የሚሠራበት ዘዴ በእያንዳንዱ ፍሬም እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ በጥምዝ ውስጥ ይሁን፣ በመታጠፊያ ላይ ይሁን፣ ወይም ልቅ ይሁን በፊደል ይነግርዎታል። ከትሪፕ ኬጅ በየፍሬሙ 20 ፊደል ይወጣል። 20ውን በወርድ ያስቀምጡ፤ ጊዜውን በርዝመት። ወርዱ 20 ቦታ ያለው ጥለት ነው፤ አንድ ማግ አንድ ፍሬም። ከ20,000ው ፍሬም በየ20ው አንዱን ቢወስዱ 1,000 ማግ ይሆናል፤ ክር ቆጥሮ ጥበብ ለሚያወጣ ሸማኔ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጥምዙን አንድ ቀለም፣ መታጠፊያውን ሌላ፣ ልቁን ነጭ ያድርጉት። ትሪፕቶፋን ያለበትን ስድስተኛ ቦታ በወርቅማ ክር ይለዩት፤ ወርቅማው ግን የሚገባው ፕሮሊኖቹ በከበቡት ፍሬም ላይ ብቻ ይሁን። ጨርቁ ሲዘረጋ ብዙ ነጭ ታያላችሁ፤ መሐል መሐል ላይ አጭር የቀለም ብልጭታ ይመጣና ይጠፋል፤ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ የጥምዙ ቀለም ይረጋል፤ ወርቅማውም ይጀምራል።

ሸማኔው ጋ ከመሄድዎ በፊት 1,000ውን መስመር በካሬ ወረቀት አትመው ከእሱ ጋር አብረው ይዩት። ቀለሙን ስንት ላይ መገደብ እንዳለበት፣ ነጭ ሲበዛ ጨርቁ እንዳይላላ ምን እንደሚደረግ ከእርስዎም ከእኔም የተሻለ የሚያውቀው እሱ ነው። መግለጫው ላይ የፕሮቲኑን ስም፣ አንድ ማግ ስንት ናኖ ሰከንድ እንደሆነ (እዚህ 4 ነው)፣ ሲሙሌሽኑን ማን እንዳሠላው፣ ቀለሙ ምን እንደሚወክል ይጻፉ፤ የሸማኔውንም ስም ከራስዎ እኩል። ርዝመቱን ደግሞ መተጣጠፉ ላይ አያብቁ። በእውነተኛው ትራጀክተሪ ውስጥ የተጣጠፈው ሰንሰለት ቆይቶ ይፈታል፤ ወርቅማው ይቋረጣል፣ ነጩ ይመለሳል። እዚያ ድረስ ይሸመንና ጫፉ ሳይቋጠር፣ ድሩ እንደተንጠለጠለ ይቆረጥ።